ኢሜይል ያስፈረምኩበት ደብተር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት በእጄ የያዝኩት ሦስት ነገር ነበር፤ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ሽፋኑ ጥቁር የሆነ የመላኪያ ደብተር። መሥሪያ ቤቱ ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ የገበሬዎችና የዓሣ አስጋሪዎች ዩኒየን ነው። የሥራ መደቤ «ተላላኪ» ይባል ነበር። የአምባሰል ልጅ ነኝ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት፣ ከዚያም በማታ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። የእንግሊዝኛን ፊደል አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን እኔን አያውቀኝም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ነበሩ። «ይህን ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አድርሺ» አሉኝ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አያ ይማም ምሳውን እየበላ ነበር። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ተመለስኩ።

«ፊርማው የታለ?» አሉኝ ጋሽ ተፈራ።

«እጁ ወጥ ነክቶት ስለነበረ ነው።»

«በእጁ ሰጠሽው?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

«እንግዲያው አላደረስሽም። ሂጂ።»

ስመለስ አያ ይማም «የምን ደብዳቤ? አላየሁም» አለኝ። ሰሃኑን ከላዩ አስቀምጦበታል። ከሰሃኑ ሥር መዝዤ አወጣሁና ደብተሩን ዘረጋሁለት። «እጄን ልታጠብ» አለ። «ታጥበህ ስትመለስ እንደገና አላየሁም ትላለህ። አሁኑኑ!» አልኩት። አውራ ጣቱን ከነወጡ ደብተሩ ላይ አተመው። ያ ደብተር እስኪያልቅ ድረስ የመጀመሪያው ገጽ የበርበሬ አሻራ ነበረበት። ጋሽ ተፈራ አይተው፣ ምንም ሳይስቁ፣ «ይህ ደርሷል» አሉ። ሥራዬን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ተፈራ ጡረታ ሲወጡ መዝገብ ቤቱ ለኔ ተሰጠ። ስሜ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ» ሆነ፤ ደብዳቤ የማደርሰው ግን ያው እኔው ነበርኩ። ለማታውቁት፣ ሥራው እንዲህ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይገባል። እሱም ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ «ለእገሌ፣ ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ይመራዋል። እኔ ለእገሌ አደርሳለሁ፤ እገሌ ደብተሬ ላይ ይፈርማል። ከሥር «ግልባጭ» ተብሎ ስሙ የተጻፈ ካለ እሱም ይደርሰዋል፣ እሱም ይፈርማል። መጀመሪያ የመጣ መጀመሪያ ይሄዳል። የአለቃ ነው፣ የዘመድ ነው ብዬ ያስቀደምኩት ደብዳቤ የለም።

ደብተሬን ብዙ ሰው አይወደውም ነበር። በመሥሪያ ቤት «አልደረሰኝም» እንደሚባለው የሚጣፍጥ ቃል የለምና። ስብሰባ የቀረ «አልደረሰኝም» ይላል፤ ሪፖርት ያላቀረበ «አልደረሰኝም» ይላል። ደብተሬን ስገልጥ ዝም ይላል።

ከሁላችን ይልቅ ደብዳቤ የምትጠብቀው ጦይባ ነበረች። ጦይባ ሐይቁ ዳር ባለው መረከቢያችን ዓሣ የምትመዝን ናት። ስድስት ዓመት በጊዜያዊነት፣ ውሏ በየሦስት ወሩ እየታደሰ ሠርታለች። ለቋሚነት ተወዳድራ አልፋ፣ ደሴ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት አጽድቆ ደብዳቤዋን እስኪልክላት ትጠብቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚዛን ወረቀቷን ልታስረክብ ስትመጣ በሬ ላይ ትቆማለች።

«እትዬ ሀዋ፣ መጣች?»

«አልመጣችም። አብሽሪ።»

«ካልመጣች እኮ ሪያድ ነው። ደላላው በየቀኑ ይደውላል።»

ጦይባ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። የኔ ልጅ ሩቅያ ሪያድ ከሄደች ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ሰው ቤት ሠርታ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የራሷን ትዳር ሳታይ። ስለዚህ የጦይባ ደብዳቤ የራሴ ያህል ያስጨንቀኝ ነበር።

ከዚያ ለውጥ መጣ። አገሩ ሁሉ ለውጥ ሲል ዋናው መሥሪያ ቤትም ዝም ብሎ እንዳይታይ «ወረቀት ይብቃ» አለ። ደብዳቤ ሁሉ በኢሜይል እንዲሆን፣ ኢሜይሉም በሠራተኛው የእጅ ስልክ ላይ እንዲገባ ተወሰነ። ይህን የሚያስጀምር ቢኒያም የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከደሴ መጣ።

ቢኒያም መጀመሪያ የሥራ አስኪያጁን የአቶ ጌታሁንን ስልክ ጠየቀ። አቶ ጌታሁን ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«የኔ ቻርጅ አይዝም» አለ። ጠዋት ሙሉ ኳስ ሲያይበት ነበር።

«አያ ይማምስ?»

«የኔ ባለ በተን ናት። ከመደወልና ባትሪ ከማብራት ሌላ አታውቅም።»

ወዲያው ገባኝ። ኢሜይል በስልኩ የገባለት ሰው «አልደረሰኝም» ማለት ሊቀርበት ነው። ሁሉም ስልኩን እንደ ሙሽራ ሸፋፈነ።

«እትዬ ሀዋ ልጇ የላከችላት ትልቅ ስልክ አላት» አለ አቶ ጌታሁን። «ደግሞስ ደብዳቤ የማን ሥራ ነው? የመዝገብ ቤት። የሁላችንም በሷ ስልክ ይግባ።»

«የሁላችሁም?» አልኩት። በልጄ ዕድሜ ስለሆነ አንተ እለዋለሁ፤ አቶውን ግን አልነሳሁትም።

«ለጊዜው ነው።»

በኛ መሥሪያ ቤት ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። ጦይባን መጠየቅ ይቻላል።

የመጀመሪያው ኢሜይል እዚያው ቢኒያም ፊት ገባ። ስልኬ «ጢው» አለች።

«ይኸው ደረሰ፣ እትዬ።»

«ማን ፈረመ?»

«ፊርማ የለውም። ከላኪው ከወጣ ደርሷል ማለት ነው።»

«ለማን ደረሰ?»

«ለስልኩ።»

«ስልኬ የዚህ ቤት ሠራተኛ አይደለችም» አልኩት።

ገቢ መዝገቡን አውጥቼ መዘገብኩት። ስልኳን ይዤ አቶ ጌታሁን ዘንድ ገባሁ። እሱም ከልማዱ የተነሳ እስክሪብቶውን ከፍቶ መስታወቷ ጥግ ላይ ሊመራበት ሲል እጁን ያዝኩት። ከዚያ ዘዴ አወጣን። ምሪቱን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ እኔ ቁራጯን በላስቲክ ስልኳ ወገብ ላይ አስራለሁ፤ ስልኳና ደብተሩ አብረው ወደ ባለጉዳዩ ይሄዳሉ። አንብቦ ይፈርማል። አንዳንድ ቀን ስምንት ቁራጭ ወረቀት ታስሮባት ስትዞር ስልኳ ክታብ የበዛባት ሕፃን ትመስል ነበር። ሰው ሲደውልልኝ ሁሉን ፈትቼ «ሃሎ» እስክል ይዘጋል።

«ኢሜይል እኮ ለሁሉም ባንዴ ይሄዳል» ይሉኛል።

«ባንዴ አስፈርሞ ሲመለስ ግን አላየሁም» እላለሁ።

አንድ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት ኢሜይል ገባ። ሥዕሉ የአንድ ሰው ራስ ነው፤ በግራ በኩል መላጣ፣ በቀኝ በኩል ጎፈሬ። ቋንቋው ስላልገባኝ እንደማንኛውም ደብዳቤ መዝግቤ አስገባሁት። አቶ ጌታሁን ራሱ መላጣ ነው። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው፣ በቁም ነገር ራሱን ነቀነቀና «ለዕቅድ ክፍል፤ ተጠንቶ አስተያየት ይቅረብበት» ብሎ መራው። የዕቅድ ክፍሏ ባለሙያ ስታነበው ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። የጸጉር ማብቀያ ቅባት ማስታወቂያ ነበር። እሷም በሥርዓቱ መልስ ጻፈች፤ «ተጠንቷል። ከሥራ አስኪያጁ ቢጀመር መልካም ነው።» እኔ አደረስኩ። እሱም ፈረመ።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አልዋጥልኝ አለ። በኢሜይል ኋላ የመጣው ከላይ ይቀመጣል። ለቢኒያም ደወልኩ።

«ቢኒያም፣ ይህ ነገር ተገልብጧል። የትናንቱ ከታች፣ የዛሬው ከላይ ሆኗል።»

«እንደዚያ ነው የተሠራው፣ እትዬ።»

«ወፍጮ ቤት ኋላ የመጣች ሴት ከፊት ስትቆም ዝም ትላለህ?»

«አልልም።»

«ታዲያ?»

«እትዬ፣ የሠሩት እኮ ፈረንጆች ናቸው።»

«ሰልፍ አያውቁም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ እስከ ታች እወርድና ከታች ወደ ላይ እሠራ ነበር። ጣቴ ይደክማል። ኢሜይሉ ግን ተራው ይጠበቅለታል።

ሌላው ችግር ሰዓት ነው። አንድ ቅዳሜ ውጫሌ የአክስቴ ልጅ ሞቶ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሴቶቹ እያለቀሱ ሳለ ስልኬ ከደረቴ ውስጥ «ጢው፣ ጢው፣ ጢው» አለች። አልቃሿ ጭምር ቆመች። ሁሉም ወደ ደረቴ አየ።

«ምንድን ነው?» አለች አጠገቤ ያለችው።

«ስብሰባ ነው» አልኩ።

ሰኞ ስገባ አቶ ጌታሁን በር ላይ ጠበቀኝ።

«ቅዳሜ የመጣው አስቸኳይ የታለ?»

«አሁን ልመዘግበው ነው።»

«ኢሜይል እኮ ሰዓት የለውም፣ እትዬ ሀዋ!»

«እኔ አለኝ። የተቀጠርኩት ከሁለት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ ላይ እንድሠራ የተጻፈ ደብዳቤ ካለ አምጣና ልፈርምበት።»

ደብዳቤ አልነበረም። ቢኒያም ዳታ መዝጋት አስተማረኝ። በአሥራ አንድ ተኩል ዳታ እዘጋለሁ፣ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ እከፍታለሁ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። ሩቅያ ከሥራዋ ስትወጣ በምስል ትደውልልኛለች፤ ያ ደግሞ ያለ ዳታ አይሆንም። ለልጄ ዳታ ስከፍት ኢሜይሉ ተከትሎ ይገባና ከስልኳ ላይኛ ጫፍ ብቅ ብሎ ያየኛል። ካየሁት ደግሞ ደርሶኛል ማለት ነው፤ ሌላውን «አልደረሰኝም» አትበል እያልኩ እኔ ልለው አልችልም። ስለዚህ የስልኳን ላይኛ ጫፍ በነጭ ፕላስተር ሸፈንኩት።

«እማ፣ ፊቴን ታይዋለሽ?» ትለኛለች ሩቅያ።

«ከቅንድብሽ በታች።»

«ሌላውስ?»

«ግንባርሽ ያረፈው የመሥሪያ ቤት ቦታ ላይ ነው።»

«ፕላስተሩን አንሺዋ!»

«አሁን ሥራ ላይ አይደለሁም።»

እሷ ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። ልጄን እንዲህ አድርጌ ዓመታት ያለ ግንባር አየኋት።

ከዚያ ጦርነቱ ወደኛ መጣ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም። አንድ ማለዳ ኔትወርክ ጠፋ፤ ሰውም በመኪናም በእግሩም መውጣት ጀመረ። አቶ ጌታሁን ማኅተሙን ይዞ ወጣ። እኔ የመላኪያ ደብተሩን ከቀሚሴ ሥር በመቀነት ወገቤ ላይ አስሬ አምባሰል እህቴ ዘንድ ወጣሁ። ስልኳን ባቄላ ጆንያ ውስጥ ቀበርኳት። ጦይባ ልጇን ይዛ በሌላ መንገድ ሄደች። ስንለያይ ከሩቅ ተኩስ ይሰማ ነበር።

«እትዬ፣ አልመጣችም አይደል?» አለችኝ።

«አልመጣችም። አብሽሪ።»

ስንመለስ ሁላችንም በሕይወት ነበርን፣ አልሐምዱሊላህ። እንደኛ ያልሆነላቸው ብዙ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በርና መስኮት የለውም። የጦይባ ሚዛን የለም። ገቢ መዝገቡ ለእሳት ማቀጣጠያ ሆኗል። ከመዝገብ ቤት የተረፈው እኔ ወገብ ላይ ያለው ደብተር ብቻ ነው። ከበሮቹ ሁሉ የግምጃ ቤቱ በር ብቻ ተርፎ ስለነበረ አያ ይማም ባዶውን ግምጃ ቤት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ምን ልትጠብቅበት?» አልኩት።

«ተይኝ፣ ሀዋ። ሥራ መጀመሬ ነው» አለኝ።

ኔትወርክ የተመለሰ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። ስልኳን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ዳታ ከፈትኩ። «ጢው» አለች። ከዚያ ማቆም አቃታት። እየተንቀጠቀጠች በርጩማው ላይ ዞረች፣ ጫፍ ደረሰች፣ ወደቀች፤ መሬት ላይም ቀጠለች።

«ይህቺስ ዛር ይዟታል» አለ አያ ይማም።

ስትበርድ ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ሁለት ኢሜይል። እኛ ሸሽተን ሳለ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከደሴ ሸሽቶ፣ ከሸሸበት ሆኖ ስብሰባ ሲጠራን ከርሟል።

አቶ ጌታሁን የላይኛውን አነበበ። ሠራተኛ ያልተመደበባቸው መደቦች ዝርዝር እስከ ዓርብ ይላክ፤ መደቦቹ ይሰረዛሉ ይላል።

«በቃ፣ የሚያስፈልገን ይህ ነው። ሌላውን አጥፊው» አለኝ። «የዓሣ መዛኝነቱንም ዝርዝሩ ውስጥ አስገባዋለሁ። ለጦይባ የመጣ ደብዳቤ የለም።»

ጦይባ በረንዳው ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ አየቻትና መልሳ ከተተቻት። ማን ይደውልላት እንደነበር አውቃለሁ።

«ሳይፈረምበት የሚጠፋ ደብዳቤ የለም» አልኩ።

«እትዬ ሀዋ፣ መቶ አሥራ ሁለት ነው እኮ!»

«ጦርነቱን ሁሉ ተሰልፈው ነው የጠበቁት። ከታች እጀምራለሁ።»

«ዓርብ ይደርሳል!»

«እንግዲያው አታዋራኝ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ገቢ መዝገብ ስላልነበረ ቁጥሩን ሁሉ መላኪያ ደብተሩ ላይ ሰጠሁ። አያ ይማም ቀኑ ላለፈ የእሳት አደጋ ሥልጠና ጥሪ ፈረመ። «ሠልጥኛለሁ በይ፤ እሳቱንም አይቼዋለሁ» አለኝ። የዕቅድ ክፍሏ ባለሙያ ሌሎች በልተው ለጨረሱት የበዓል ግብዣ ፈረመች። አቶ ጌታሁን ለራሱ ሦስት መጡለት፤ ማስታወሻ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። «አልደረ...» ብሎ ጀመረና ደብተሩን አይቶ ተወው።

ረቡዕ ከሰዓት ሰባ ስድስተኛው ላይ ደረስኩ። «ጉዳዩ፦ የቋሚ ቅጥር ማስታወቅ» ይላል። ለጦይባ ነው፤ ግልባጩ ለአቶ ጌታሁን። ከሥሩ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ በአሥር ቀን ውስጥ መቀበልሽን በጽሑፍ ካላሳወቅሽ መደቡ ይሰረዛል።

አቶ ጌታሁን የተላከበትን ቀን አየ። «አልፏል እኮ። ከአርባ ቀን በላይ ሆኖታል።»

«የተላከበት ቀን ነው ያለፈው። እስቲ አንተ ግልባጭህን ፈርም።»

ፈረመ። የስልኳ ባትሪ ስድስት ከመቶ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ መብራት የለም። ባጃጅም ነዳጅ አጥቶ ቆሟል። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደውን የእግር መንገድ ይዤ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ስሮጥ ያየ ሁሉ ሌላ ጦርነት የመጣ መስሎት ከኋላዬ ይሮጥ ጀመር። «ደብዳቤ ነው! ደብዳቤ ነው!» እያልኩ መለስኳቸው።

ጦይባ ከአስጋሪዎቹ ጋር ቁጭ ብላ ዓሣ ታጸዳ ነበር። ስልኳንና ደብተሩን አብረው ስታይ ተነስታ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ «መጣች?» ብላ አልጠየቀችኝም።

«መጣች» አልኳት።

«እጄን ልታጠብ።»

«ባትሪ የለም! አንብቢና ፈርሚ!»

አነበበች። እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብላ ፈረመች፤ ቀኑንም አስጻፍኳት። ስልኳ ዓይኗን ጨፈነች። ደብተሩን ስቀበላት ከፊርማዋ አጠገብ አንድ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ ቀርቷል። ልትልጠው ስትል እጇን ያዝኩ።

«ተዪው። እሱም ፈርሟል።»

በማግስቱ ጦይባ መቀበሏን በወረቀት ጻፈች። አቶ ጌታሁን ማኅተሙን ይዞ አንገራገረ። «ዋናው መሥሪያ ቤት ቀኑ አልፏል ቢለኝስ?»

«አንተ ማኅተሙን አሳርፍ። ጭቅጭቁ የኔ ነው።»

አሳረፈ። ግልባጭ ስለፈረመም የጦይባን መደብ ከዝርዝሩ አወጣው። ወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ላይ ስልኳን ቻርጅ አድርጌ ወረቀቱን ፎቶ አነሳሁና ለሰው ኃይል ኃላፊዋ በኢሜይል ላክሁት። በሕይወቴ የላክሁት የመጀመሪያው ኢሜይል ነው። ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

መልስ የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ጦይባ እንደገና በሬ ላይ መቆም ጀመረች። በሰባተኛው ቀን ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጦይባን አስከትዬ፣ በሚኒባስ ደሴ ሄድኩ።

ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ናት። አስቀመጠችን። ጉዳዩን ሰማችና ኮምፒውተሯን አየች።

«እናቴ፣ ቀኑ አልፏል» አለችኝ። «ደብዳቤውን እኔው ነኝ የላክሁት። ኢሜይል በተላከ ደቂቃ ይደርሳል።»

«ሐይቅ ኔትወርክ ባይኖርም?»

«ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። የተላከ ደርሷል።»

«እሺ። የተላከ ደርሷል። እንግዲያው ጦይባ የጻፈችውን መቀበያ ባለፈው ሐሙስ ልኬልዎታለሁ። አይተውታል?»

«እኔ ምንም አልደረሰኝም» አለች።

ጦይባ ክርኔን ጨበጠችኝ። እኔ ደብተሬን ከፌስታሉ አወጣሁ። ኃላፊዋም ራሷን የሰማችው ትንሽ ቆይቶ ነው። ስልኳን አነሳች። ኢሜይሏ ላይ ያለው ቀይ ቁጥር በኔ በኩል ይታይ ነበር፤ ያልተከፈተው ከአንድ ሺህ ይበልጣል። በአውራ ጣቷ ገፋች፣ ገፋች። ያ የጣት ድካም እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ከብዙ በኋላ ቆመች።

«አለ» አለች ቀስ ብላ።

«መቼ ደረሰዎት?»

ስልኳን አየች፣ ጦይባን አየች፣ እኔን አየች።

«አሁን።»

«እንግዲያው ይፈርሙልኝ» ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁ።

ገጹን ስታይ ጎንበስ አለች። «ይህ የተለጠፈው ምንድን ነው?»

«የዓሣ ቅርፊት። ጦይባ የፈረመች ቀን ስልኩ እጇ ላይ ለመድረሱ ምስክር ነው። ቀኑም ከጎኑ አለ። ቢቆጥሩት ዛሬ ስምንተኛው ነው።»

መጀመሪያ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ከዚያ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ ፈረመች። የጦይባን የቅጥር ደብዳቤ በወረቀት አሳትማ፣ ማኅተም አስመትታ በእጇ ሰጠቻት። ጦይባ በሩ ጋ ስትደርስ ስልኳ ጠራ። አየችውና ዘጋችው። ደላላው ነበር።

እኔ በዓመቱ ጡረታ ወጣሁ። ደብተሩን በቁጥርና በቀን አስረክቤ ፊርማ ተቀበልኩ። ኢሜይሉን ከስልኬ ቢኒያም አወጣልኝ። ከዚያ ፕላስተሩን በውኃ አርጥቤ ላጥኩት። ያን ዕለት ሩቅያ ስትደውል ሙሉ ፊቷን አየሁ። ግንባሯ ላይ፣ ከጸጉሯ መስመር፣ ነጭ ነገር አለ።

«ሩቅያ፣ ሽበት አበቀልሽ እንዴ?»

«እሱ እኮ ቆየ፣ እማ» አለችኝ። «አንቺ አልደረሰሽም።»

ከሥራዬ የተማርኩት ይህ ነው። የተላከ ሁሉ አልደረሰም፤ ደረሰ የሚባለው ሰውየው ሲያየው ነው። ኢሜይል በስልካችሁ ሲገባ ከታች ጀምሩ። ዳታውን በአሥራ አንድ ተኩል ዝጉ። ፕላስተር አትለጥፉ።